እግርም ይከሳል

ሐሙስ፣ ኦክቶበር 3

ቀኑን ሙሉ ሸሚዝ ስተኩስ ዋልኩ። ላቫንደሪያው ውስጥ እንፋሎቱ ያፍናል፣ ውጭ ደግሞ ዝናብ። ባርባራ ቀሚሴን ከኋላ ጨብጣ አንድ እፍኝ ትርፍ ጨርቅ አሳየችኝ። "ካርላ፣ ቤያታ ቴ፣ ታድለሽ! የት ገባ ያ ሁሉ?" አብረን ስንሠራ ስንት ዓመታችን... እንዲህ ስትቀናብኝ የመጀመሪያዋ ነው።

ቤት ስገባ ያን ጥቁር ታኮ ጫማ ከአልጋ ሥር አወጣሁት። ልጄ ፌዴሪካ ስትመረቅ የገዛሁት። የዚያን ቀን፣ ውስጥ እግሬ በእሳት የተጠበሰ ነበር የሚመስለው። ስንመለስ ጫማዬን በእጄ ይዤ በባዶ እግሬ ትራም ተሳፈርኩ። "ማማ፣ ቲ ፕሬጎ፣ እባክሽ!" አፈረችብኝ ልጄ። ያ ሁሉ ሰውነቴ በሁለት ቀጭን ታኮ ላይ ቆሞ፣ ጫማው ምን ያድርግ?

ዛሬ አጠለቅኩት። ከኩሽና እስከ በረንዳ፣ ከበረንዳ እስከ ኩሽና። አላመመኝም! ጉልበቴም ዝም፣ ጣቶቼም ዝም። ተመላለስኩ፣ ዞርኩ፣ ብቻዬን ሳቅኩ። ከዚያ... ለማን ልንገር? ፌዴ ጋ ደወልኩ፣ አላነሳችም። ለሥራ ቶሪኖ ከተማ ከሄደች ወዲህ ጊዜ የላትም። ቆይታ "ብራቫ ማማ" ብላ ጻፈችልኝ፣ ከቀይ ልብ ጋር።

ቅዳሜ፣ ኦክቶበር 5

እንዴት ቀነስሽ ይሉኛል። ዶቶሬሳዋ "ለጉልበትሽ ስትዪ ክብደት ቀንሺ" ብላኝ ነበር፣ እውነት ነው። ግን ምክሯን ለዓመታት እየሰማሁ ለዓመታት ስወፍር ነው የኖርኩት። የቀነስኩት ፌዴ ከሄደች በኋላ ነው። ለማን ብዬ ላብስል? ቱና ከነቆርቆሮው፣ ቆሜ፣ ዕቃ ማጠቢያው አጠገብ... ሁለት ጉርሻና አበቃ። ጠረጴዛው ላይ ልብስ ተከምሮበታል።

"ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል" ትል ነበር እናቴ፣ አዲስ አበባ ሳለን። አባቴ ደግሞ ጣልያንነቱ አይለቀውም፣ "ቢያንስ ቁጭ ብሎ ይብላ" ይላት ነበር። እኔ ሁለቱንም አልሰማሁም።

እሑድ፣ ኦክቶበር 6

ቅዳሴ ሄድኩ። ሲያልቅ ኣስገደት ጉንጮቼን በሁለት እጇ ያዘች። አዲስ አበባ የአንድ ሰፈር ልጆች ነን። አፏ አያርፍም፣ በሰው መሳቅ ሥራዋ ነው።

"ምነው ካርሊና? ምን ሆንሽ? አለቅሽ እኮ!"

"ዶቶሬሳዋ ናት ቀንሺ ያለችኝ።"

"ዶቶሬሳ? ምን አገኘችብሽ?"

ምን ነካኝ ሐኪም የማነሳው! ሁላችንንም እንደ እናት የሚቆጣጠሩን እትዬ ቅድሳን አጠገባችን ነበሩ። ሰምተው እንደገና ሳሙኝ። "እግዚአብሔር ያውቃል ልጄ።"

በእኛ ዘንድ ሴት የምትከሳው ወይ ታማ ነው ወይ ሰው ወድዳ። በእኔ ዕድሜ ሁለተኛውን ማንም አይጠረጥርም።

ማክሰኞ፣ ኦክቶበር 15

ፒያሳ ቪቶሪዮ ገበያ ገባሁ። ቅመም የሚሸጠው ሳሚ የሻይ ቅመሜን እየቋጠረ ድምፁን ዝቅ አደረገና "አይዞሽ እህቴ" አለኝ።

"ለምኑ ነው አይዞሽ?"

"አይ... እንዲያው ነው።" ዓይኑን አሸሸ።

አሃ። ወሬው ከእኔ ቀድሞ ገበያ ወጥቷል። እንግዲህ ማን ያስተባብላል? በሽታ እኛ ጋ ፊት ለፊት አይጠየቅም። በሽተኛው ይደብቃል፣ ሰው ያውቅበታል፣ ሁሉም እንዳላወቀ ይሆናል። አልታመምኩም ባልኩ ቁጥር "ወይኔ፣ ደብቃ ነው" ይላሉ።

ቆይ። እሑድ ታኮዬን አድርጌ እሄዳለሁ። የታመመ ሰው ታኮ ያደርጋል እንዴ?

ቅዳሜ፣ ኦክቶበር 19

ጉድ ነው። እግርም ይከሳል! ይህን ማንም አልነገረኝም። ኩሽና ውስጥ አላስተዋልኩም፣ ዛሬ ደረጃ ላይ ስሞክረው ተረከዜ ውልቅ። ከኋላ አንድ ጣት ያስገባል። እግሬ ወደ ፊት ይንሸራተትና ጣቶቼ ጫፉ ላይ ይጨናነቃሉ። ድሮ ክብደቴ ያቃጥለኝ ነበር፣ አሁን ደግሞ ጫማው አይዘኝም አለ።

ባርባራን ደውዬ ጠየቅኳት። "አሎራ፣ አዲስ ሰውነት፣ አዲስ ጫማ!" ለእሷ ቀላል ነው። እኔ የምፈልገው ይሄን ጫማ ነው። ጫፉ ውስጥ ጥጥ ጠቀጠቅኩበት። ያዘ።

እሑድ፣ ኦክቶበር 20

ከትራም ወርጄ ስሄድ... ቀጥ ብዬ። መንገዱ የእኔ ነበር። ምንም አላመመኝ። ቅዳሴውንም ቆሜ ጨረስኩ፣ ድሮ ከወንጌል በፊት ነበር ወንበር የምፈልገው። እዩኝ እስቲ፣ አልኩ በልቤ።

ስንወጣ ጫማዬን መልሼ አጠለቅኩ፣ ሰው ሁሉ ደጃፉ ላይ ቆሞ ሰላም ይባባላል። ደረጃውን ስጀምር የግራው ጫማ ወለቀ። እሱ እዚያው ቀረ፣ እኔ ታች ደረስኩ። ጉልበቴ ትንሽ ተላጠ እንጂ ሌላ ምንም አልሆንኩ።

ማንም አልሳቀም። ያስፈራኝ ይሄ ነው። ሰው ሲወድቅ ሆዷን ይዛ የምትስቀው ኣስገደት እንኳ አልሳቀችም። ጫማዬን አነሳች፣ ውስጡ ያለውን ጥጥ አየች፣ እንባዋ ዱብ ዱብ አለ። "እግሯ እንኳ አልቋል" ስትል ሰማኋት።

ሐሙስ፣ ኦክቶበር 24

ደወል ተደወለ። የእኔ ደወል! ኣስገደትና እትዬ ቅድሳን። ኣስገደት በፎጣ የተጠቀለለ ድስት ታቅፋለች። ቀስ ብለው ገቡ፣ በሹክሹክታ ያወራሉ። የጠረጴዛውን ልብስ አንስተው አልጋ ላይ አደረጉት።

"እትዬ፣ እኔ እኮ አልታመምኩም።"

"አዎ ልጄ፣ ምንም አልሆንሽም" አሉኝ። በሽተኛ እንደሚያባብሉ።

አጎረሱኝ። "አንድማ ያጣላል" ብለው ደገሙኝ። ቁጭ ብዬ በላሁ። መቼ ነበር ቁጭ ብዬ የበላሁት? ከሄዱ በኋላ ሳህን ሳጥብ አለቀስኩ።

እሑድ፣ ኖቬምበር 3

ሐሙስም መጡ፣ ዛሬም ከቅዳሴ በኋላ መጡ። ኣስገደት የሒሳብ አስተማሪያችንን አስመስላ መናገር ጀመረች፣ ወዲያው አፏን ያዘች። በሽተኛ ፊት አይሳቅም ብላ ነው። መሐል ላይ ፌዴ ደወለች። "ማማ፣ ማነው የሚያወራው?" "እንግዳ አለብኝ፣ በኋላ ደውዪ።" እንደዚያ ስል ደስ አለኝ።

አልታመምኩም ማለቱን ትቻለሁ። ስላላመኑኝ ነው? አይደለም። ካመኑኝ ይቀራሉ ብዬ ነው።

እሑድ፣ ኖቬምበር 10

ቄሱ ለታመሙት ሲጸልዩ ስሜን ጠሩ። ካርላ ብለው፣ ከእውነተኞቹ በሽተኞች መሐል! መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ኣስገደት ከጎኔ እጄን ጨበጠችኝ፣ እጇ ይሞቃል።

መንገር አለብኝ። ከነገርኩ ግን ያ ጠረጴዛ እንደገና የልብስ መከመሪያ ሊሆን ነው።

ሐሙስ፣ ኖቬምበር 14

ነገርኳቸው። ምግቡ ሳይቀርብ። ከበላሁ በኋላ ወኔው ይከዳኛል።

"እትዬ፣ ይስሙኝ። ምንም በሽታ የለብኝም። ፌዴ ከሄደች ወዲህ ብቻዬን መብላት አቅቶኝ ነው የከሳሁት።"

"ጥጡስ?" አለች ኣስገደት።

"እግሬም ከስቶ ነው።"

"ስንት ሻማ አበራሁልሽ! አስመራ ድረስ ደውዬ እህቴን አስለቀስኳት!" ብድግ አለች። እትዬ ቅድሳን ነጠላቸውን አስተካከሉ። "ጤና ከሆንሽ እሰየው" አሉ፣ ግን አላዩኝም። ድስቱን እንደተከደነ ትተውት ሄዱ።

እሑድ፣ ኖቬምበር 17

ቅዳሴ አልሄድኩም።

ሐሙስ፣ ኖቬምበር 21

ማንም አልመጣም። የኣስገደት ወጥ አልቋል፣ ድስቱን አጥቤ ምድጃው ላይ አስቀምጬዋለሁ። ምስር ሠራሁ፣ ለሦስት ሰው የሚበቃ፣ ሦስት ሆነን መብላት ለምጄ። ጠረጴዛው ላይ ልብስ አልከመርኩም። ቁጭ ብዬ በላሁ። ይከብዳል... ግን በላሁ።

ረቡዕ፣ ዲሴምበር 4

ኣስገደት ደወለች። ሰላምታ የለ፣ ምን የለ።

"ድስቴን ወረስሽው እንዴ?"

"እመልሳለሁ።"

"እሑድ እቤት አምጪ። ባዶውን ደግሞ እንዳታመጪ፣ እናትሽ ከመቃብር ትታዘብሻለች!" ዘጋችው።

እውነቷን ነው። እናቴ፣ ነፍሷን ይማረውና፣ ጎረቤት በሰሃን ጨው ቢልክላት እንኳ ሎሚ ጣል ሳታደርግ ሰሃኑን አትመልስም ነበር። ባዶ ዕቃ አይመለስም። እና ምን ልሥራ?

እሑድ፣ ዲሴምበር 8

ድስቱን ሙሉ ፓስታ በሱጎ ሠራሁ፣ ሱጎው ውስጥ በርበሬ፣ አባቴ እንደሚወደው። ታኮዬን ጥጡን አውጥቼ አጠለቅኩት። ያዘኝ! መስተዋት ፊት ቆሜ እግሬን አየሁት። ሞላ ብሏል።

ኣስገደት አራተኛ ፎቅ ነው የምትኖረው፣ አሳንሰሩም ተበላሽቷል። ግማሽ ላይ ስደርስ ውስጥ እግሬ መቃጠል ጀመረ፣ ያው የድሮው ቃጠሎ። እያነከስኩ ወጣሁ። ድስቱን ታቅፌ በሩን በክርኔ አንኳኳሁ።

ከፈተች። ድስቱን አየች፣ ፊቴን አየች፣ ከዚያ አንዱን እግሬን አንስቼ መቆሜን አየች።

ሳቀች! ግድግዳ ተደግፋ፣ ሆዷን ይዛ፣ እስክታነባ። "እትዬ፣ ይምጡ ይዩልኝ! ታኮ ያደረገች ዶሮ መጣችልን!" እትዬ ቅድሳንም ከውስጥ ብቅ ብለው ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ሳቁ። ድሮ ሲስቁብኝ ይከፋኝ ነበር። ዛሬ እዚያው በሩ ላይ እንደቆምኩ አብሬ ሳቅኩ። ፓስታውን ሦስታችን ጨረስነው።

ስመለስ በባዶ እግሬ ትራም ተሳፈርኩ። በአንድ እጄ ጫማ፣ በሌላው ድስት። ኣስገደት ድስቷን እንደገና ሞልታ ሰጥታኛለች፣ "ሐሙስ መጥተን እንወስደዋለን" ብላ። እንግዲህ ባዶውን አይመለስ... ሐሙስ ምን ልሥራ?