ወንድሜን በየማክሰኞው ለወሰዱብኝ ሐኪም

ለክቡር ዶክተር ኃይለኪሮስ ተኽላይ
የአንጎልና የድምፅ ጥናት ቡድን መሪ
ቦሌ፣ አዲስ አበባ

ክቡር ሆይ፤

ከሁሉ አስቀድሜ የእርስዎን፣ የባልደረቦችዎንና ከባሕር ማዶ በጥጥ ጠቅልለው ያስመጡትን የዚያን መሣሪያ ደህንነት በታላቅ ትሕትና እጠይቃለሁ። እኔ ገርጂ ካለው የጨርቅ ሱቄ ባንኮኒ ጀርባ፣ አልሐምዱሊላህ፣ ደህና ነኝ። ስሜ ራሕማ አብዱልገኒ ይባላል። በስም እንደማያስታውሱኝ ስለምገምት «የሙስአብ እህት» ብል ይቀልዎታል፤ እርስዎ ዘንድ የምታወቀው በዚሁ ነውና።

ይህን ደብዳቤ በእጅዎ መስጠት ሲገባኝ በጋዜጣ ማውጣቴ ከድፍረት እንዳይቆጠርብኝ። ቢሮዎ ድረስ ሦስት ጊዜ መጥቼ የተቆለፈ በር ስላገኘሁ ነው። ወንድሜም አስቀድሜ አንብቤለት እንዲወጣ ፈቅዷል። ነገርን ሁሉ በቁጥር ማየት እንደሚወዱ ስለማውቅ አቤቱታዬን በቁጥር አቀርባለሁ።

አንደኛ፤ ስለ ቤቱ። የሰው አንጎል ለድምፅ የሚሰጠውን ምላሽ ለመለካት፣ ከአዲስ አበባ ቤቶች ሁሉ አውሮፕላን ጣሪያውን ሊነካ ምንም ሳይቀረው የሚያልፍበትን ቪላ መርጠው በመከራየትዎ አደንቅዎታለሁ። አውሮፕላን ባለፈ ቁጥር መሣሪያው ይቆማል፤ ክረምቱ ሲገባ ዝናቡ ቆርቆሮውን በደበደበ ቁጥር ይቆማል፤ መብራት ሲጠፋ ደግሞ ሁላችንም እንቆማለን። የአንድ ሰዓቱ ሥራ ግማሽ ቀን ይፈጅ ስለነበር፣ ሱቄን ዘግቼ ኮሪደርዎ ላይ የተዘጋ በር ሳይ የዋልኩባቸው ማክሰኞዎች ሁሉ የእርስዎ ስጦታ ናቸው።

ሁለተኛ፤ ስለ ወንድሜ። እርስዎ ቤት በቁጥር ስለሚጠራ ለአንባቢ በስሙ ላስተዋውቀው። ሙስአብ ታናሼ ነው። በ1979 ዓ.ም. የሃያ ሁለት ዓመት ወጣት ሳለ የውይይት ታክሲ ይነዳ ነበር። አንድ ቀን ረፋድ ላይ ተሳፋሪ እንደጫነ ቦሌ መንገድ መሃል ላይ መኪናውን አቁሞ ወረደና ጎማው ሥር ተንበረከከ። ሰው እያለቀሰ ነው አለ። ተሳፋሪዎቹ ሳቁ፣ ከኋላ ያሉት መኪኖች ጡሩምባ ነፉ፣ ትራፊክ ፖሊስ መጣ። ጎማው ሥር ማንም አልነበረም። ሙስአብ ከዚያ ቀን ወዲህ መሪ ጨብጦ አያውቅም። ከወሎ ሼኽ አስመጥተን ቁርአን አስቀራንለት፣ ሆስፒታልም ተኛ፣ ሐኪሞቹም ስኪዞፍሬንያ ነው አሉን። በየወሩ የሚወጋው መርፌ መንገድ ላይ መሮጡንና መጮኹን አስቆመለት። ወላጆቻችን ሲያልፉ እኔና እሱ ቀረን። ዘጠኝ ዓመት ያበላሁት፣ ያለበስኩት፣ ለጋብቻ ያንኳኳውን ሰው ሁለት ጊዜ የመለስኩለት እኔ ነኝ። ይህን የምጽፈው ለምስጋና አይደለም፤ ወንድሜ ዘንድ ተራዬ የት ላይ እንደነበረ እንዲያውቁት ብቻ ነው።

ሦስተኛ፤ ስለ ጥናትዎ። ባለፈው ግንቦት ሕሙማንና ጤነኛ እህት ወንድሞቻቸውን ሲፈልጉ እኛን መምረጥዎ ክብር ነው። ሲያስረዱኝም ትዕግሥትዎ አይረሳኝም። ሁለት «ጠቅ» የሚሉ ድምፆች በግማሽ ሰከንድ ልዩነት ጆሮ ውስጥ ይሰማሉ። የጤነኛ ሰው አንጎል የመጀመሪያውን ሲሰማ ይነቃል፤ ሁለተኛውን ግን «ይህንንማ አውቀዋለሁ» ብሎ በቸልታ ያሳልፈዋል። የብዙ ሕሙማን አንጎል ሁለተኛውንም እንደ አዲስ እንግዳ ተነሥቶ ይቀበለዋል። ይህ ነገር መሣሪያው ወረቀት ላይ በሚስለው የአንጎል ሞገድ በትክክል ከተያዘ፣ ሌሎች በሽታዎች በደም ምርመራ እንደሚለዩት ሁሉ ይህም ሕመም አንድ ቀን በምልክቱ ይለይ ይሆናል አሉኝ። ገባኝ። እንዲያውም እጅግ ገባኝ፤ እኔም ለወንድሜ ከዓመታት በፊት የለመደውና የማይሰማው ድምፅ ሆኜ ነበርና። እርስዎ ግን በመጡ ቁጥር አዲስ ነበሩ።

አራተኛ፤ ስለ ሸሚዙ። ገላውን እንዲታጠብ ሳምንት ሙሉ የምለምነው ሰው፣ ማክሰኞ ሲሆን ከእኔ ቀድሞ ይነሣ ጀመር። ይላጫል፤ ነጩን ሸሚዝ ራሱ ይተኩሳል። ለዒድ ልበስልኝ ብዬ አልቅሼ ያልለበሰውን ሸሚዝ! አንድ ጠዋት «ለማን ነው ይህ ሁሉ?» ብለው፣ «ኣርያም ትጠብቀኛለች» አለኝ። ኣርያም ማለት፣ አንባቢ ሆይ፣ የዶክተሩ ረዳት ናት፤ ሽቦውን ራሱ ላይ የምታጣብቀው እሷ ናት። ቆንጆ ናት፣ ድምፅዋ ለስላሳ ነው፣ ሰው ሲናገር አታቋርጥም። ከነዚህ ጥፋቶቿ የትኛውን እንደምጠላ ለመምረጥ ብዙ ሳምንት ወስዶብኛል።

አምስተኛ፤ ስለ እኔ አንጎል። በስድስተኛው ሳምንት «ጤነኛ እህት» ሆኜ እንድመረመር ሲጠይቁኝ ሳላቅማማ እሺ ያልኩት ለሳይንስ ብዬ መስሎዎት አመስግነውኛል። እውነቱን ልንገርዎ፤ በዚያ በር ለመግባት ነው። ኣርያም በሩን ዘግታ ሻሼን አስፈታችኝ፤ ፀጉሬን እየከፈለች ነጩን ቅባት ቀባችኝና ትንንሾቹን ብረቶች አጣበቀችልኝ። «የሌለ ሰው ድምፅ ሰምተሽ ታውቂያለሽ?» አለችኝ። «አላውቅም» አልኳት። በቃ! የወንድሜን መልስ ገጽ ሙሉ ስትጽፍ እኔን በአንድ መስመር ዘጋችኝ። ማዳመጫውን ጆሮዬ ላይ አድርጌ ጠቅ፣ ጠቅ ሲል፣ እንደ ተማሪ ጥሩ ውጤት ለማምጣት ዐይኔን ጨፍኜ ታገልኩ። ሲያልቅ የእኔ ሞገድ ከእሱ የተሻለ እንደሆነ ጠየቅሁዎት። «ውጤት ለግለሰብ አይነገርም፤ የምናነጻጽረው ቡድንን ከቡድን ነው» አሉኝ በፈገግታ። ለዚያ ፈገግታ አመሰግናለሁ። ያልጠየቅሁዎት ሌላ ነገር ደግሞ ነበረ፤ የእኔ ሞገድ የእሱን ይመስል እንደሆነ። ቢመስል ኖሮ ደስ የሚለኝ ይመስለኛል፤ ቢያንስ አንድ ነገር ከእኔ ጋር ብቻ ይጋራ ነበር።

ስድስተኛ፤ ስለ ግድግዳዎ። ቅባቱን ከፀጉሬ ላጥብ መታጠቢያ ቤት ስገባ ወንድሜ ተራው ደርሶ ነበር። የዚያ ቪላ ግድግዳ ስስ ነው። ውሃውን ዘጋሁት። መስማት ነውር እንደሆነ አውቃለሁ።

«ዛሬ ምን ሰማህ?» አለችው ኣርያም።

«ያቺ ሴት መጥታ ነበር።»

«ምን አለችህ?»

«ዝም በል አለችኝ። ሰው ፊት አታዋርደኝ፤ እንግዳው ሲሄድ ትወጣለህ አለችኝ።»

«ድምፅዋ የምታውቀውን ሰው ይመስላል?»

አውሮፕላን አለፈ። ከዚያ «እህቴን ትመስላለች» አላት። «እህቴ ግን አይደለችም። እህቴ ከተቆጣች በኋላ ምግብ ታመጣልኛለች። ይቺ አታመጣም።»

ክቡር ዶክተር፣ እነዚያን ቃላት አንድ በአንድ ተናግሬያቸዋለሁ። ደንበኛ ወይም ዘመድ ሲመጣ ጓዳ አስገብቼው በሩን ስዘጋ የምለው ይህንኑ ነበር። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ግን ምን እንደሚሰማ አንድም ቀን ጠይቄው አላውቅም። ከጠየቅሁት የሚብስበት ይመስለኝ ነበር፤ እውነቱን ለመናገር ደግሞ መልሱን ፈርቼ ነበር። ፀጉሬ እንደረጠበ ሻሼን ጣል አድርጌ ወጣሁ። ያን ቀን ታክሲ ውስጥ አጠገቤ ተቀምጦ ደስ ብሎት በመስኮት ያይ ነበር፤ እኔም በዓለም ላይ ከሰው ሁሉ በላይ በኣርያም ቀናሁ።

ሰባተኛ፤ ስለ አጨራረስዎ። ለአሥር ሳምንት የታሰበው ጥናት በአሥረኛው ሳምንት ማለቁ የሥርዓት ሰው መሆንዎን ያሳያል። ለወንድሜ ግን ማለቁን የነገረው አልነበረም። ምናልባት እርስዎ ኣርያም ነገረችው ብለው፣ እሷም እርስዎ ነገሩት ብላ ይሆናል። በአሥራ አንደኛው ማክሰኞ ነጩን ሸሚዝ ለብሶ ብቻውን ሄደ። እኔ ሱቅ ነበርኩ። ዘበኛው አቶ እንድሪስ «መሣሪያው ተጭኖ ሄዷል፤ ሰዎቹም የሉም» ቢለው «እጠብቃለሁ» አለው። እስከ አመሻሽ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ዋለ። በአሥራ ሁለተኛው ሳምንትም ሄደ። አቶ እንድሪስ፣ ዶክተርም ፕሮፌሰርም ያልሆነው፣ ከዘብ ቤቱ ወንበር አውጥቶ ሰጠው፤ ዝናብ ሲመጣም ጃንጥላ።

በአሥራ ሦስተኛው ማክሰኞ ሱቄን ዘግቼ ተከተልኩት። በሩ ፊት ለፊት ተቀምጦ አገኘሁት። ልቆጣው ነበር የመጣሁት፤ አጠገቡ ሳየው ግን ቁጣዬን ምን እንደማደርገው ጠፋኝ።

«ሙስአብ፣ እንሂድ» አልኩት።

«ኣርያም ጠይቃኝ አልጨረሰችም» አለኝ።

መንገዱ ዳር ቁጭ አልኩና «ዛሬ ምን ሰማህ?» አልኩት።

ዞር ብሎ በጥርጣሬ አየኝ። «አንቺ አትጽፊም» አለኝ።

እውነቱን ነው፤ አልጻፍኩም ነበር። እዚያው ካለ ኪዮስክ ደብተርና እስክሪቢቶ ገዝቼ ተመለስኩ፤ ቀኑን ከላይ ጻፍኩ። እሱም ቀኑን በትክክል መጻፌን አረጋግጦ ጀመረ። ጎማ ሥር ስላለቀሰው ሰው ነገረኝ። ሕፃን ነበር አለኝ፤ ዛሬም አልፎ አልፎ ያለቅሳል፣ መኪና መንዳት የተወውም እሱን ላለመጉዳት ነው። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ስንፍና ነው እያልኩ ስሰድበው የኖርኩት ይህን ነው። ቀጥሎ «ዝም በል የምትለውም ሴት መጥታ ነበር» አለኝ። በገዛ እጄ ጻፍኩት።

«እኔን ትመስላለች?» አልኩት።

«ማን ነገረሽ?»

«በግድግዳ ሰማሁ።»

አፍጥጦ አየኝና በድንገት ሳቀ። ከታመመ ወዲህ እንዲያ ሲስቅ ሰምቼው አላውቅም። «አንቺም በግድግዳ ትሰሚያለሽ እንዴ?» አለኝ። አቶ እንድሪስ ምን እንዳሳቀን ሳያውቅ አብሮን ሳቀ። ከዚያ ተነሥተን ወደ ገርጂ ሄድን።

እንግዲህ ምስጋናዬን ሳላቀርብ ብቀር ነውር ይሆንብኛል። ወንድሜን ጠይቃችሁት መልስ እንዳለው ስላሳያችሁኝ አመሰግናለሁ። በዘጠኝ ዓመት ያልሠራሁትን በአሥር ሳምንት ሠርታችሁ ስላሳፈራችሁኝ አመሰግናለሁ። ሰውን መደመጥ አስለምዶ በር ቆልፎ መሄድ እንደሚቻል ስላስተማራችሁኝም እንዲሁ፤ ይህን ትምህርት ለመርሳት እየጣርኩ ነው። ሙስአብ አልዳነም። መርፌው እንደቀጠለ ነው፤ ክፉ ቀኖችም አሉት፤ ባለፈው ሳምንት ሁለት ቀን አንድ ቃል አልተናገረኝም። ጓዳው ግን አይዘጋም። ደንበኛ ሲመጣ ባንኮኒው ጋ ይቀመጣል፣ አንዳንዴም ጨርቅ ይለካልኛል። የሚደነግጥ ደንበኛ ካለ ገርጂ ሌላ ሱቅ ሞልቷል።

ጥናትዎ እንዲሰምር ከልቤ እመኛለሁ። ያ ምልክት ቢገኝ፣ የሌላ ሰው ወንድም ጎማ ሥር ሳይንበረከክ በፊት ቢታወቅለት፣ ከእኔ በላይ የሚደሰት የለም። ምልክቱን ያገኙት ዕለት ግን ለሕሙማኑ «ጨርሰናል» የሚል አንድ ሰው በር ላይ ያቁሙልን።

የዕውቀትዎ አድናቂ፣ የኮሪደርዎ ታማኝ ተቀማጭ፣ ሞገዷ ምን እንደሚመስል እስከ ዛሬ ያልተነገራት ጤነኛ እህት፤

ራሕማ አብዱልገኒ
ገርጂ፣ ጥቅምት 1989 ዓ.ም.

ማሳሰቢያ፤ ለእህት ኣርያም ሰላምታዬን ያድርሱልኝ። ሙስአብ ስሟን ያነሣል፤ ልትጠይቀው ብትመጣ ሱቃችን ከረቡዕ እስከ ሰኞ ክፍት ነው፣ ሻይም አለ። ማክሰኞ ግን እንዳትመጣ። ማክሰኞ የእኔ ነው።