በቴምብሩ ላይ የታየው መስቀል

ኅዳር 12፣ ሰኞ፣ ጧት
አሁንም መስኮቱ ሥር ነኝ። ቴምብሩን በወረንጦ ማንሣት፣ ወደ ብርሃን መያዝ፣ ወደ ክምሩ። ታላቅ እኅቴ እታለም «ምነው በወረንጦ፣ እሾኽ ወጋው እንዴ?» ትለኛለች። አዎ እታለም፣ እያነከሰ ነው የመጣ አልኳት።

ክምሩ አራት። ልሙጥ ወረቀት። ብርሃን ላይ እንደ ሸምበቆ አጥር መስመር የሚያወጣ። ቀይና ሰማያዊ ክር የተነሰነሰበት። ፊቱ ኖራ የተቀባ። ቴምብሩ ከነካርቶኑ የሚ/ር ቶማስ ነው፣ የህንዱ አስተማሪ። የት/ቤቱን ደወል ምላስ በጨርቅ ጠቅልዬ ከተባረርኩ ወዲህ የራራልኝ እሱ ብቻ። ይህን በየወረቀቱ ለይ፣ ተቀምጠህ መሥራት እንደምትችል አሳይ፣ ዳይሬክተሩን እለምንልሃለሁ አለኝ። ማለት «አንቺ ለዪ» ነው ያለኝ፤ ወንድ መሆኔን አማርኛው ገና አልደረሰበትም። እግዜር ይስጠው።

ኅዳር 16፣ ዓርብ
ኖራው ከልሙጡ አልለይ ብሎኝ ነበር። መላው ብር ነው አለ ሚ/ር ቶማስ። ጠርዙን በብር ነካ ሲያደርጉት፣ ኖራ ከሆነ እንደ እርሳስ ይጽፋል። ከቤታችን ያለው ብር የእታለም የአንገት መስቀል ብቻ። «ማተቤን ልፍታ? ሞቼ ነው!» አለች። ግን አልጨከነችም። ከነማተቧ ጠረጴዛው ላይ ታጎነብሳለች፣ እኔ ቴምብሩን ከመስቀሉ ሥር አስጠጋለሁ። ላም የማልብ መሰለኝ። ነገርኳት። ጉንጬ ከጥፊዋ አሁንም ይግላል። ሠራ ግን! ሸጋ አድርጎ ጻፈ።

ኅዳር 21፣ ጽዮን
እታለም ሌሊቱን ቤተ ክርስቲያን ቆማ አድራ መጣች። ጠጉሯ ቅቤ ጠግቧል። ሆድሽ ይጾማል ጠጉርሽ ይፈስካል አልኳት። ትንሽ አጎንብሺልኝ ብዬ ለመንኳት፤ አጎነበሰች። እዚያው ጠረጴዛው ላይ ደረቷን ጥላ ተኛች። ጢም ልሥልላት ከሰል አነሣሁ። ፊቷን አየሁት። እናታችን ከሞተች ጀምሮ ለእኔ ስትል ያላገባች ልጅ። ከሰሉን ጣልኩ፣ ጋቢዬን አለበስኳት። ለማንም እንዳትነግሪ፣ ደብተር።

ኅዳር 22፣ ሐሙስ
ስሚ ደብተር፣ ስሚ! ፋብሪካው ወረቀቱ እርጥብ ሳለ ውስጡ የሚያኖረው፣ ብርሃን ላይ ብቻ የሚታይ ምልክት አለ። ዛሬ ከትናንቱ አንዱን ወደ መስኮቱ ብይዝ፣ መስቀል! ሮጥኩ። ሚ/ር ቶማስ መነጽሩን ሦስቴ ወለወለ። በዚህ ቴምብር እንዲህ ያለ ምልክት አይቶ አያውቅም። ያኔውኑ ዳይሬክተሩ ዘንድ ሄደ፣ ይህ ልጅ ዓይን አለው አለ። ማረጋገጫው ቤንዚን ነው፤ እውነተኛ ምልክት ቤንዚን ውስጥ ይጎላል። ቤንዚኑ ግን አልቆበታል። ሾፌሩ አያ ካሳ ነገ ከአዘዞ ያመጣለታል። ቅዳሜ ዳይሬክተሩ ባለበት ይነከራል። ቴምብሩን እስከዚያ አንተ ጠብቀው አለኝ። አደራ ተሰጠኝ! ለእኔ!

ኅዳር 23፣ ዓርብ
ወይ ጉዴ። ቴምብሩን ላየው አወጣሁ፣ አሪቲ ሸተተኝ። የጠጉር ቅቤ። እታለም እሳት ልታነድ ስታጎነብስ መስቀሏ ተወዘወዘ። የታችኛው እግሩ ጎባጣ ነው። የቴምብሩም ጎባጣ።

ቅቤው በአንገቷ ወርዶ፣ መስቀሉ ቴምብሩ ላይ ተኝቶ አድርጎታል፤ ቅቤ የጠጣ ወረቀት ብርሃን ያሳልፋል። ነገ ቤንዚኑ ያጥበዋል። ሚ/ር ቶማስ በእኔ ምክንያት ሊያፍር ነው። ብናገር ማን ያምነኛል? እንደ ደወሉ ነው ይላሉ። በሕይወቴ ያልቀለድኩት አንድ ነገር ይኸው ነበር! ት/ቤቱም ቀረ።

ለእታለም ነገርኳት። ትስቃለች ስል ነጠላዋን አጣፋች። «ቅቤው የኔ፣ መስቀሉም የኔ። ጧት አብረን ነን።»

ኅዳር 24፣ ቅዳሜ፣ ማታ
ዳይሬክተሩ ሳይመጣ ደረስን። ሁሉን ተናገርኩ። እታለም አጎንብሳ መስቀሏን ከቴምብሩ ጎን አኖረች። ሚ/ር ቶማስ አየ፣ አሸተተ። ያን ጊዜ ዳይሬክተሩ ገባ። ሳህኑ ውስጥ ነከሩት፤ መስቀሉ እንደ ጨው ሟሟ። ዳይሬክተሩ ያው ነህ! ብሎ ጮኸብኝ።

ሚ/ር ቶማስ ግን ይህ ልጅ ሲቀልድ ይስቃል፣ ዛሬ ያልበዋል፣ እዩት አለ። ካርቶኑን ከፊቱ አቀረበለት። ዳይሬክተሩ ከየክምሩ እያነሣ ጠየቀኝ። ክር። መስመር። ልሙጥ። ኖራ ስለው አላመነም፤ እታለም ሳትጠራ አጎነበሰች፣ መስቀሉ ጻፈ። ሰውየው ሳቁ እንዳያመልጠው ከንፈሩን ነከሰ። «ሰኞ ና። ደወሉን ግን በሩቁ!»

ኅዳር 25፣ እሑድ
ሚ/ር ቶማስ ቴምብሩን ለእታለም ሰጣት። አሁን ምንም የለበትም፤ እሷ ግን ብርሃን ላይ እየያዘች ታየዋለች። እኔም አያለሁ። ተመስገን። ለሱም፣ ለሷም፣ ለአንገቷም።

ነገ ት/ቤት። ቀልድ ትቻለሁ፣ ምለሃል ወይ ብትዪኝ ምያለሁ። አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅሽ፣ ለዕውቀት ነው። ጥቁር ሰሌዳ በሌሊት ቅቤ ቢቀባ፣ ጧት ጠመኔ ይይዘዋል? አላደርገውም። ሚ/ር ቶማስ ያፍርብኛል። አላደርገውም አልኩሽ እኮ። ብቻ እታለም ቅቤዋን የት እንዳኖረች ሳይ፣ እንዲያው ትንሽ ብቆነጥር…