ባለ ሁለት በር

ሐሙስ፣ ኦክቶበር 16

መስል ካር የሚሉት የዚያ አሮጌ ባለ ትልቅ ሞተር መኪና ሻጭ ደውሎ እስከ ቅዳሜ ቀትር ብቻ እንደሚጠብቀኝ ነገረኝ።

የዚያ መኪና ድምፅ ልብ ይሰርቃል፤ በክረምት በረዶ ለማቅለጥ መንገድ ላይ የሚበተነው ጨው ግን ይበላዋል። ሴንት ሉዊስ ፓርክ ከተማ መኪና መሸጫ ያየሁት አዲሱ ስፖርት መኪና በረዶ አይበግረውም፤ ስነዳው ግን ምንም አልተሰማኝም። ሁለቱም ባለ ሁለት በር ናቸው። ብዙ ሰው የሚይዘውን ቫኔን ሸጬ አንዳቸውን ልገዛ መሆኔን ለጓደኛዬ ለከድር ብነግረው ጮኸብኝ።

«አንተ ሰውዬ፣ እናቴ ከአገር ቤት ስትመጣ ከኤርፖርት ተቀብለህ በመስኮት ልታስገባት ነው?»

ባለቤቴ ዘይነባ ቀበል አድርጋ፣ «ሻንጣዋን ደግሞ ጭኑ ላይ ያደርገዋል» አለች።

ከአገር ቤት የመጣን እንግዳ ሁሉ የምቀበለው እኔ ነኝ። አንድ ጊዜ ለራሴ መኪና ልምረጥ ብል ሰው ሁሉ መቀመጫ ይቆጥርብኛል!

ለሻጩ ቅዳሜ ቀትር መልስ መስጠት አለብኝ። የከድር እናት አውሮፕላንም የሚያርፈው ያኔ ነው።