ጋሼ ቆጣሪና የባንኩ እውነተኛ ትርፍ

የአበባው ጉንጉን ላይ የተጻፈው ስህተት ነው። «ለረጅም ዘመን ላገለገሉን የሥራ ባልደረባችን» ይላል፤ የላከው የአውራጃው ባንክ ቅርንጫፍ ነው። ትናንት ቤት ድረስ ለማጽናናት የመጡት አዲሱ ሥራ አስኪያጅም የሟችን ባለቤት እጅ ነሥተው፣ «ባንካችን ትልቅ ሰው አጣ፤ በየትኛው ክፍል ነበር የሚሠሩት?» ብለው ጠየቁ። ባለቤታቸውም፣ «ከበሩ በስተቀኝ፣ ማስታወቂያ ሰሌዳው ሥር፣ ቆመው» ሲሉ መለሱ። ሥራ አስኪያጁ በሐዘን ራሳቸውን ነቀነቁ።

እንግዲህ ለቀባሪ ሁሉ ግልጽ ይሁን፤ ሟች ለባንኩ አንድ ቀን እንኳ ተቀጥረው አያውቁም። አሥር ዓመት ሙሉ እየተመላለሱ የባንኩን የሒሳብ መግለጫ ከሰሌዳው ላይ በእርሳስ ሲገለብጡ የኖሩ ናቸው። ዘበኛው ጡረታ የወጡ አለቃ መስለውት በገቡ ቁጥር ከወንበሩ ይነሣላቸው ነበር፤ እሳቸውም፣ እውነቱን ለመናገር፣ አላረሙትም።

ጎረቤት ሁሉ ጋሼ ቆጣሪ የሚላቸው ሟች በ1944 ዓ.ም. ከቧንቧ ሠራተኛው አባታቸውና በሆስፒታል ልብስ እጥበት ክፍል ከሚሠሩት እናታቸው፣ ዛሬ አስከሬናቸው ከወጣበት ቤት ሁለት መንገድ አለፍ ብሎ በሚገኝ የኪራይ ክፍል ተወለዱ። እናታቸው እንደሚሉት በዘጠኝ ወራቸው ቆመው ሄዱ፤ ከዚያ ወዲያ የተቀመጡበትን ጊዜ የሚያስታውስ የለም። ትምህርታቸውን እስከ ስምንተኛ ክፍል ተከታትለዋል። መምህራቸው በውጤት ካርዳቸው ላይ፣ «ሒሳብ ይችላል፤ ወንበር አይችልም» ብለው የጻፉት እስከ ዛሬ በመሳቢያቸው አለ።

በ1962 ዓ.ም. በውኃ መሥሪያ ቤት በቦይ ቆፋሪነት ተቀጠሩ። ከሦስት ዓመት በኋላ የውኃ ቆጣሪ አንባቢ ሆኑና ለእግራቸው የሚመች ሥራ አገኙ። በቀን መቶ ሃያ ቤት ያንኳኳሉ፣ የቆጣሪውን ክዳን ከፍተው ያነባሉ፣ ይጽፋሉ፣ ክዳኑን መልሰው ይሄዳሉ። በዚህ ሥራ ሠላሳ አራት ዓመት ሲያገለግሉ አንድ ሕግ ነበራቸው፤ ለአዲስ ተቀጣሪ ሁሉ ያስተምሩት ነበር። «የአንድ ወር ንባብ አትመን። ከሌሎቹ ወራት ሦስት እጥፍ ዘልሎ ካየኸው ሰውየው ውኃ አልጠጣም፤ ቧንቧ ፈንድቷል። ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ።» ይህችን ሕግ አድማጮች ልብ ይበሏት፤ ባለቤቷ ራሳቸው አንድ ቀን ረስተዋታል።

በ1970 ዓ.ም. ትዳር መሠረቱ። የሙሽራይቱን ቤት ቆጣሪ ማንበብ የሚገባቸው በወር አንዴ ሆኖ ሳለ በአንድ ወር አራት ጊዜ አነበቡት። አማታቸው ቆጣሪው የተበላሸ መስሏቸው ለመሥሪያ ቤቱ ማመልከቻ ጻፉ፤ ማመልከቻውን ተቀብለው ለምርመራ የመጡትም እሳቸው ነበሩ። ከዚህ ጋብቻ ሁለት ሴትና አንድ ወንድ ልጅ አፍርተዋል።

በ1999 ዓ.ም. ጡረታ ሲወጡ መከራው መጣ። የሚያንኳኩት በር አጡ። ምሳ ቀርቦ ይነሣሉ፣ ተነሥተው ይቀመጣሉ፤ መስኮቱን ይከፍታሉ፣ ይዘጋሉ። ባለቤታቸው፣ «ኧረ እባክህ ሰውዬ፣ ምንጣፉ አለቀ» ሲሏቸው ደረጃውን ወርደው ምድር ቤት ወደምትሠራው ልብስ ሰፊ ሱቅ ይሄዳሉ። ልብስ ሰፊዋ ባሏ የሞተባት፣ እጇ ከመቀስ፣ አፏም ከመርፌ የማይለይ ሴት ናት። ጋሼን እንደ ታላቅ ወንድም ታያቸዋለች፤ ዝም ብላ ስለምታዳምጥም እሷ ዘንድ መቆም ይወዱ ነበር። መቀመጥ አላልንም፤ መቆም።

በ2002 ዓ.ም. የአውራጃው ባንክ አክሲዮን መሸጥ ጀመረ። ጋሼ ቆጣሪ መግለጫውን ከሰሌዳው ገልብጠው በሩጫ መጡና የልብስ ሰፊዋን ጠመኔ አንሥተው በመቁረጫ ጠረጴዛዋ ላይ ጻፉ።

«ስሚ። አክሲዮን ስትገዢ ወረቀት አይደለም የምትገዢው፤ ባንኩ በየዓመቱ የሚያተርፈውን ነው። ዋጋውን ለአንድ አክሲዮን ለሚደርሰው የዓመት ትርፍ ታካፍያለሽ። ዋጋው ሁለት መቶ ነው፣ ትርፉ ሃምሳ። ስንት ደረሰ?»

«አራት።»

«አራት። ትርፉ እንዲህ ከቀጠለ ዋጋሽን በአራት ዓመት ይተካል ማለት ነው። ሌሎቹ ባንኮች አሥር ናቸው። ይኼ እኮ እጅ መንሻ ነው።»

«ጋሼ፣ እርካሽ ነገር ስፌቱን ገልብጠው ነው የሚያዩት።»

«እኔ አይቼዋለሁ» አሉ።

አላዩትም። እሷ ግን አመነቻቸው። ሁለተኛ የስፌት መኪና ገዝታ ሰው ልትቀጥር ያጠራቀመችውን አሥራ ሁለት ሺህ አውጥታ ስልሳ አክሲዮን ገዛች። እሳቸው ራሳቸው የገዙት አሥር ብቻ ነው፤ ቀሪውን ባለቤታቸው አልሰጧቸውም።

በዓመቱ አዲሱ መግለጫ ሲለጠፍ ትርፉ አሥራ ሁለት ሆኖ ተገኘ። ጋሼ ቆጣሪ ገንዘብ ያዡን፣ «ሠላሳ ስምንቱን የት አደረሳችሁት?» ብለው ጠየቁት። ገንዘብ ያዡም አምና ባንኩ የድሮውን ዋና መሥሪያ ቤት ሕንጻ ሸጦ እንደነበር፣ ከሃምሳው ሠላሳ ስምንቱ የሕንጻው ሽያጭ እንደነበር፣ በመግለጫው ግርጌ በደቂቅ ፊደል ተጽፎ እንደነበር ነገራቸው። ሕንጻ ደግሞ በየዓመቱ አይሸጥም። ሁለት መቶን ለአሥራ ሁለት ሲያካፍሉት ወደ አሥራ ሰባት ይጠጋል። እጅ መንሻ ያሉት ነገር ከጎረቤቶቹ ሁሉ የተወደደ ነበር። አክሲዮኑ ወደ ዘጠና ወረደ። ሠላሳ አራት ዓመት የሰው ቤት የፈነዳ ቧንቧ በአንድ እይታ የለዩት ሰው፣ የራሳቸው እግር ሥር የሚፈሰውን አላዩም። ውኃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው የሚባለውስ ለማን ሆነና።

ልብስ ሰፊዋ አልተቆጣችም። «እሺ» አለችና መኪናዋን ረገጠች። ቢሰደቡ ይሻላቸው ነበር። ያቺ «እሺ» ዘጠኝ ዓመት አስኬደቻቸው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ የሚፈልጉት አንድ ነገር ብቻ ሆነ፤ እውነተኛው ትርፍ ስንት ነው? እሱ ከታወቀ ለዚህች ሴት የምትገዛበትንና የምትሸጥበትን ትክክለኛ ቀን ይነግሯታል፤ ያጎደሉባትም ይሞላል። በየሳምንቱ ሰሌዳው ሥር ቆሙ። የወረፋውን ርዝመት ለኩ። ባንኩ ያበደራቸውን ሰዎች ሱቅ በእግራቸው እየዞሩ ተመለከቱ፤ የማን መደርደሪያ እንደሞላ፣ የማን ማሽን አቧራ እንደለበሰ ጻፉ። ባለቤታቸው፣ «ሌላው ባል ሴት ይከተላል፣ የኔው የጣውላ መሰንጠቂያ ይከተላል» ይሉ ነበር።

የጣውላ መሰንጠቂያውን ነገር ያነሡት ያለ ምክንያት አይደለም። በ2007 ዓ.ም. ትርፉ ወደ ሃያ ሁለት፣ ዋጋው ወደ መቶ ሠላሳ ሁለት ወጣ። ገንዘብ ያዡ፣ «ጋሼ፣ ስድስት ዓመት ብቻ፤ ይግዙ እንጂ» አላቸው። እሳቸው ግን በዚህ ጊዜ ደቂቁን ፊደል አስቀድመው አንብበዋል። ባንኩ ለማይመለስ ብድር ብሎ በየዓመቱ ከትርፉ ለይቶ የሚያስቀምጠውን መጠባበቂያ በግማሽ ቀንሶታል፤ ትርፉ ያበጠው በዚያ ነው። ትልቁ ተበዳሪ መሰንጠቂያው ነበር። በአውቶቡስ ሁለት ሰዓት ተጉዘው በሩ ላይ ሲደርሱ ቁልፍ ተንጠልጥሏል፤ ቁልፉም ዝጓል። ሲመለሱ የልብስ ሰፊዋ ሱቅ በር ላይ ቆመው፣ «እንዳትጨምሪ» አሏት።

«እሺ» አለች።

ያሉት አልቀረም። ብድሩ ሳይመለስ ቀረ፤ በ2009 ዓ.ም. ትርፉ አራት ሆነ፤ ዋጋው ሰባ። ሰው ሁሉ ሰባን ለአራት እያካፈለ፣ «አሥራ ሰባት ዓመት ተኩል! ማን እብድ ይገዛዋል?» እያለ ሸሸ። ጋሼ ቆጣሪ ግን የድሮ ሕጋቸው ትዝ አለቻቸው። የአንድ ወር ንባብ አይታመንም፤ ቆጣሪው ሲዘልም፣ ቀጥ ሲልም። በልብስ ሰፊዋ መቁረጫ ጠረጴዛ ላይ የሰባቱን ዓመት ትርፍ በጠመኔ በተርታ ጻፉ፤ አሥራ ሁለት፣ አሥራ ሦስት፣ አሥራ አምስት፣ አሥራ አምስት፣ ሃያ ሁለት፣ አሥራ ሰባት፣ አራት። ደምረው ለሰባት አካፈሉት። አሥራ አራት ደረሰ። ሰባን ለአሥራ አራት፣ አምስት። እውነተኛ አምስት።

ቁጥሩን አዩት። አጠገቡ የጥያቄ ምልክት አደረጉ። በእጅጌያቸው አጠፉትና ወጡ። በማግሥቱ መጥተው እንደገና ጻፉት፤ እንደገና አጠፉት። በሦስተኛውም ቀን እንዲሁ። አፋቸው ላይ ደርሶ ይመለሳል፤ እባብ ያየ በልጥ በረየ እንደሚባለው ነው። ደግሞ ብሳሳትስ? ደግሞ «እሺ» ብትለኝስ? እያሉ ዋጋው ከሰባ ወደ ዘጠና፣ ከዘጠና ወደ መቶ ሃያ ሲወጣ መንገድ ለመንገድ ዞሩ። በዚያ ዓመት ሦስት ጥንድ ጫማ ጨርሰዋል።

በዘንድሮው ዓመት፣ በ2012 ዓ.ም.፣ ልባቸው ደከመ። ሐኪሙ፣ «ከአልጋ እንዳይነሡ» ሲል ያዘዘው ከበሽታው ይልቅ አስጨነቃቸው። እግራቸው ብርድ ልብሱ ሥር ይሄድ ነበር። ባለፈው ማክሰኞ ልብስ ሰፊዋ ልትጠይቃቸው ስትገባ እንድትቀመጥ እንኳ ሳይጠብቁ ጀመሩ።

«ዛሬ መቶ አርባ ነው። ትርፉ፣ ዓመታቱን ሁሉ ደምሬ ሳካፍለው፣ አሥራ አራት። አሥር ዓመት። እውነተኛ አሥር ነው፤ ውድም ርካሽም አይደለም። ስልሳ ስልሳ አጉድዬብሻለሁ፤ በስልሳ አክሲዮን ሦስት ሺህ ስድስት መቶ። ሽጪም አልልሽ፣ ያዢም አልልሽ። ይህን ሳልነግርሽ እንዳልሄድ ብዬ ነው።»

ልብስ ሰፊዋ የመርፌ ቦርሳዋን ከፍታ አራት ላይ የታጠፈ ወረቀት አወጣችና ደረታቸው ላይ አኖረችው። ስልሳ አክሲዮን፣ በሰባ፣ 2009 ዓ.ም.።

ጋሼ ቆጣሪ አነበቡት። ጣታቸው ብርድ ልብሱ ላይ ያሰላ ጀመር። ስልሳው በሁለት መቶ፣ ስልሳው በሰባ፤ አማካዩ መቶ ሠላሳ አምስት። ዛሬ መቶ አርባ።

«ማን ነገረሽ?»

«ጠረጴዛዬ። ሦስት ቀን ሙሉ አምስት ጽፈው ሲያጠፉ ለማን መስሎዎት ነው? በእጅጌ የተጠረገ ጠመኔ እኮ ይነበባል። በአራተኛው ቀን ሄጄ ገዛሁ።»

«ታዲያ ሦስት ዓመት ሙሉ ዝም ትዪኛለሽ?»

«ብነግርዎትማ ይቀመጡ ነበር» አለች። «ያኔ ሐኪሙ መራመድ ለልብዎ ጥሩ ነው ብሎዎት ነበር።»

ጋሼ ቆጣሪ ሳቁ፤ ሳቁ ሳላቸውን ቀሰቀሰው። ከዚያም ባለቤታቸው ሲመሰክሩ፣ ከተጋቡ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ እግራቸው ጸጥ አለ።

ባለፈው ሐሙስ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ፣ በተወለዱ በስልሳ ስምንት ዓመታቸው፣ ባለቤታቸውና ልጆቻቸው አጠገባቸው ሳሉ ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ። ጋሼ ቆጣሪ የአንድ ባለቤት ባል፣ የሦስት ልጆች አባትና የአምስት የልጅ ልጆች አያት ነበሩ። ለጎረቤት ታዛዥ፣ የተበላሸ ቧንቧ ሳይጠሩ ደራሽ፣ ስህተታቸውን የማይደብቁ፣ በቤታቸውም ትዕግሥተኛና ሳህን አጣቢ ባል ነበሩ። አሥሯ አክሲዮናቸው ለልጅ ልጆቻቸው ትተላለፋለች፤ እርሳሱና ደብተሩ ለልብስ ሰፊዋ።

ከእንግዲህ የሚያንኳኩት በር አንድ ነው። ፈጣሪ ሳያስቆም ይክፈትላቸው፤ ነፍሳቸውን ያሳርፍ፤ እግራቸውንም ጭምር። ለቤተሰቡ መጽናናትን ይስጥ።

ይህ ጽሑፍ ወደ ማተሚያ ቤት ከመሄዱ በፊት ለባለቤታቸው ተነቦላቸዋል። ጉንጉኑ ጋ ፈገግ አሉ፤ የልብስ ሰፊዋ ወረቀት ጋ ዓይናቸውን ጠረጉ። «ትዕግሥተኛና ሳህን አጣቢ» የሚለው ጋ ሲደረስ ግን እጃቸውን አነሡና አስቆሙ።

«ሳህኑ እንደ ሕንጻው የአንድ ጊዜ ነው» አሉ። «እሱን አውጡና እንደገና አካፍሉት።»