ከአምዱ ኋላ ያለችው የእኔ ቦታ

ማክሰኞ

አለልኝ አዲሱን ማሽን ዛሬ አስገባ። እኔን ሳይጠራ ሳጥኑን መክፈቱ ደስ አላለኝም። ጌም ቤቱን የሸጥኩለት እኔ ነኝ። ግድግዳው ላይ ያለው ደንብ የእኔ ጽሕፈት ነው። የመናኸሪያ ልጅ ሁሉ ጆይስቲክ መያዝ የተማረው ከእኔ ነው። ሲከፍት አጠገቡ ብቆም ምን ነበረበት።

ለማንኛውም ገብቼ አየሁት። የድሮው ጌማችን «ጥቁሩ ግንብ» እንደገና ተሠርቶ መጥቷል። ድሮ ግንቡ አናት ላይ በሰንሰለት የሚዋጋው ግዙፉ የተደረደረ ጡብ ነበር የሚመስለው፤ አሁን የክንዱ ጸጉር ይታያል። ዝናቡ እውነተኛ ዝናብ ነው። ሰንሰለቱ ሲጎተት ድምፁ ሆድ ውስጥ ይገባል። ክፋቱ ግን ያው ነው፤ ከሞትክ ከምድር ቤት ትጀምራለህ። እዚህ ላይ ደስ አለኝ። ያን ቢያቀሉት ኖሮ አልቀመጥም ነበር።

አለልኝ «ጋሼ ደምሴ፣ እጅዎ እኮ መንቀጥቀጥ ጀምሯል» አለኝ።

«እኔን ሲያይ የሚንቀጠቀጠው ግዙፉ ነው» አልኩት።

ልጆቹ ሳቁ። ሳቃቸው አሞቀኝና ቅዳሜ በሁላችሁ ፊት እጥለዋለሁ ብዬ ወጣሁ።

ቡሬ ለሚኖረው ለመሪጌታ ልየው ደወልኩ። አብረን ፊደል የቆጠርን ነን። እሱ ዘለቀበት፣ እኔ ድቁናው ላይ ቀረሁና የጭነት መኪና ነዳሁ። «ቅዳሜ ና፣ ጉድ ታያለህ» አልኩት። «ያንተን ጉድ ሳይ እኮ ነው ያረጀሁት» አለ። ይመጣል ማለት ነው።

ረቡዕ

በዚህ ከተማ ግዙፉን የጣለ ከእኔ በቀር ሰው የለም። እንዴት እንደምጥለው እዚህ ብጽፈው አይከፋም፤ የልጆቼ እናት መነጽሯ ተሰብሯል።

ከላይኛው ፎቅ በግራ በኩል የተሰበረ አምድ አለ። ከኋላው በርከክ ካልክ ሰንሰለቱ በአናትህ ላይ ያልፋል እንጂ አይነካህም። ግዙፉ ሲመታ ሲመታ ይቆይና ይዞራል። ያኔ ወጥተህ ጀርባውን ሁለቴ ትለውና ወደ ቦታህ ትመለሳለህ። ይኸው ነው። ቦታዋን ያገኘኋት ደንበኛ በጠፋበት አንድ ክረምት ነው። ማንም አላሳየኝም።

ልጆቹ እንዳያዩብኝ አምዱ ጋ ስደርስ «በረደኝ» እልና ጋቢዬን በሁለት ክንዴ እዘረጋለሁ። ቴሌቪዥኑ ይጋረዳል። በሚያዝያ ሙቀት ሳይቀር ይበርደኝ ነበር። ከጋቢው ሥር የምትቀመጠው የልጅ ልጄ ማስተዋል ብቻ ነበረች። እሷ ሁሉንም አይታለች።

አሁን ባሕር ዳር ናት። ይህንኑ ጌም የውጭ አገር ሰዎች ለአዲሱ ማሽን ሲሠሩት፣ ከሚፈትሹላቸው ልጆች አንዷ ሆና ተቀጠረች። እየተጫወተች ስህተት ትፈልጋለች። ስትቀጠር ያልነገርኩት ሰው የለም። የመናኸሪያው ተራ አስከባሪ ሳይቀር ያውቃል።

ከሰዓት ኔትወርኩ መለስ ሲል ደወልኩላት። ቅዳሜ እንደምጫወት ነገርኳት።

«አባባ፣ ቢተዉትስ?»

«ለምን እተዋለሁ?»

«ዓይንዎን እንዳያምዎት ብዬ ነው።»

ስለ ዓይኔ ተጨነቀች። ስንቱ ልጅ ለአያቱ ዓይን ይጨነቃል።

ዓርብ

ለነገ፦ መነጽር። የታጠበው ጋቢ። ለአለልኝ የምላቸው ነገሮች፤ አንዱ ለሰው ፊት አይሆንም።

ጣቶቼን ለብ ባለ ውኃ ዘፍዝፌ ተቀመጥኩ። የልጆቼ እናት «ሠርግ አለብህ እንዴ?» አለችኝ። «ቀብር ነው፤ የግዙፉ» አልኳት። ራሷን ነቅንቃ ሄደች።

ቅዳሜ

ተሸነፍኩ።

ቤቱ ሞልቶ ነበር። መሪጌታ ጥምጥሙን እንዳደረገ ከፊት ተቀምጧል፤ ልጆቹ ተሸማቀው ቦታ ለቀውለታል። ግንቡን ያለ ችግር ወጣሁት፤ እጄ አልረሳም። ግዙፉ ተነሣ። «በረደኝ» ብዬ ጋቢዬን ዘረጋሁና አምዱ ኋላ ገብቼ በረከክሁ። ተረጋጋሁ። እንዲያውም ዘወር ብዬ መሪጌታን ጠቀስኩት።

ሰንሰለቱ አምዱን ዞሮ መጣ። እንደ እባብ ታጥፎ አናቴን አለኝ።

ማሽኑ ተሳስቶ ይሆናል ብዬ ከምድር ቤት እንደገና ወጣሁ። እንደገና ዞሮ መጣ። ሌላም ሞከርኩ። በመጨረሻው ጋቢው ከትከሻዬ ወረደና የት እንደምደበቅ ቤቱ ሁሉ አየ። ከኋላ አንዱ «አሃ» አለ፤ ጮክ ብሎ እንኳ አይደለም።

ግድግዳው ላይ የጻፍኩት ደንብ «ተሸናፊ ያለ ክርክር ይነሣል» ይላል። በሱ ስንቱን ልጅ እያስለቀስኩ አስነሥቻለሁ። ዛሬ አንድ ጩጬ በጨዋ ድምፅ «ጋሼ፣ ይነሡ እንጂ» አለኝ። ተነሣሁ።

አለልኝ አዘነልኝ መሰለኝ ስልኩን አውጥቶ አነበበልኝ። ሠሪዎቹ ምን ምን እንዳረሙ ጽፈዋል። አንዱ እንዲህ ይላል፦ በመጨረሻው ፎቅ ከግራው አምድ ኋላ ሰንሰለቱ የማይደርስበት ስህተት ነበር፤ ተስተካክሏል።

ስህተት ነው የሚሏት። ያን ሁሉ ዘመን የነገሥኩባትን ቦታ።

ከጋቢው ሥር የነበረ ሰው አንድ ነው። ደጅ ወጥቼ ደወልኩ።

«አንቺ ነሽ የነገርሻቸው?»

«እኔ ነኝ፣ አባባ።»

መስመሩ ተቋረጠ። እኔ ልዝጋው ኔትወርኩ ይሂድ አላውቅም።

እሑድ

መሪጌታ እኛ ዘንድ አደረ። ከቅዳሴ ስንመለስ ሁሉንም ዘረገፍኩለት። ያጽናናኛል ብዬ ነበር። እሱ ግን ጥያቄ ነው የሚወደው።

«የመምህርህን መጽሐፍ እየገለበጥህ ነው እንበል» አለኝ። «መምህርህ የሳታትን ቃል አገኘህ። እንዳለች ትጽፋታለህ ወይስ ታርማታለህ?»

«መምህሩ በሕይወት ካለ አስቀድሜ እነግረዋለሁ።»

ዝም አለ። መሪጌታ ልየውን ዝም ማሰኘት ቀላል ነገር አይደለም። ሌላ ቀን ቢሆን ጠላ አስጠምቅ ነበር።

«እሱስ እውነትህን ነው» አለና ተነሣ። ሚኒባሱ ሲንቀሳቀስ በመስኮት ብቅ ብሎ «በል ለብርዱ ታከምለት» አለኝ። ተሳፋሪው ምን እንደሆነ ሳያውቅ ሳቀብኝ።

ሰኞ

ስትደውል ዋለች። አላነሣሁም።

ያናደደኝን ለይቼ ለማወቅ ሞከርኩ። መሸነፉ አይደለም፤ ሰው ይሸነፋል። ልጆቹም አይደሉም። ዛሬ አንዱ አስፋልቱ ዳር ጃኬቱን ዘርግቶ «በረደኝ» ሲል አየሁት፤ ትከሻውን አላወቀበትም፣ እኔ ብሆን አሳምሬ ነበር የማደርገው። የሚያቃጥለኝ ያ «ዓይንዎን እንዳያምዎት» ነው። እያወቀች ነው የላከችኝ። ሰው ፊት እንደምወድቅ እያወቀች ስለ ዓይኔ አወራችኝ።

የልጆቼ እናት «ልጅ ናት» አለች። ልጅ ስትሆን ከጋቢዬ ሥር ነበረች። ያኔ ለማንም አልተናገረችም።

ረቡዕ

ማስተዋል መጣች። መንገዱ ተዘግቶ ዱርቤቴ አድራ፣ አቧራ ለብሳ። ጉልበቴን ልትስም ጎንበስ ስትል እግሬን ሰበሰብኩ። አያቷ «ኧረ አንተ ሰውዬ» አለችኝ። አልዘረጋሁም።

መሬቱን እያየች ተናገረች።

«መጀመሪያ ስንገባ ፈተና ነበር፣ አባባ። ሌላው ያላየውን ስህተት ጽፎ ያመጣ ይቀጠራል አሉን። ሁሉም ከእኔ የተሻለ ይጫወታል። እኔ የማውቀው አንድ ብቻ ነበር።»

«የኔን።»

«የእርስዎን።»

«ብትጠይቂኝ ምን ነበረበት?»

«ብጠይቅዎ ይሰጡኝ ነበር?»

አልሰጣትም ነበር። ሌላ ሥራ ፈልጊ ነበር የምላት። ቢሆንም እንቢ ማለቱ የኔ ተራ ነበር። እሱን ወሰደችብኝ።

«ከተቀጠርሽ በኋላስ? በየደጁ ስምሽን እየጠራሁ ስፎክር አልሰማሽም?»

«ሰምቻለሁ። ለዚያ ነው ያቃተኝ።»

አለቀሰች። አያቷ እራት አቀረበች። አንድ ትሪ ቀርበን፣ እሷ በዚያ ጥግ እኔ በዚህ ጥግ በላን።

ሐሙስ

በጠዋት ተመለሰች። ፈቃዷ አጭር ነው። እስከ በር ሸኘኋት፤ አያቷ እያየች ስለነበር ነው።

ባጃጁ ውስጥ ገብታ ከተቀመጠች በኋላ «አባባ፣ ሌላ ቦታ አለች» አለችኝ። «ስፈትሽ አገኘኋት። አልጻፍኳትም።»

«የት?»

«ግንቡ ውስጥ» አለችና ሹፌሩን ሂድ አለችው።

ለሽማግሌ እንዲህ ይባላል? ግንቡ ውስጥ መሆኑንማ እኔም አውቃለሁ።

ቅዳሜ

ትናንትም ዛሬም ጌም ቤት ዋልኩ። እያንዳንዱን ግድግዳ ተጠጋሁት። እያንዳንዱ ማዕዘን ላይ በረከክሁ፤ አለልኝ «ጋሼ፣ ቤት እየገዙ ነው?» እስኪለኝ ድረስ። ሰንሰለቱ በሁሉም ቦታ ደረሰብኝ። አንዴ መደበቂያ አጥቼ ሜዳው ላይ ስሯሯጥ የግዙፉን ሕይወት አጋመስኩት። እንዲህ ሆኖልኝ አያውቅም። ተሸነፍኩና ሳይነግሩኝ ተነሣሁ።

ቦታዋ እውነት ትኖር ይሆን? ወይስ እግሬን እንድዘረጋላት ያመጣችው ወሬ ነው? ካለች ለሠሪዎቹ ሳትነግር ቀርታለች፤ እንጀራዋን አስይዛልኛለች ማለት ነው። ከሌለች ሁለተኛ ሸጠችኝ። ከንግግሯ መለየት አልቻልኩም። ድሮ ፊቷን አይቼ ብቻ አውቅ ነበር።

ከሰዓት ደወለች። ዛሬ አነሣሁት።

«አገኟት?» አለችኝ።

«አገኘኋት» አልኳት። ፊቷ ከሌለ ድምፅዋን ልይ ብዬ ነው።

ከጀርባዋ የቢሮው ሰዎች ሲያወሩ ይሰማኛል። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «ለማንም እንዳይናገሩ» አለች።

ቀልድ ይሁን ምር አልለየሁትም። «አልናገርም» አልኳት፤ ማልኩላትም። ምኑን እንደማልናገር ግን እስካሁን አላወቅሁም።