ሦስተኛዋ «በሞቴ»

ያዝድ፣ አዲስ ዓመታችን ኖውሩዝ ሊገባ ሰሞን

ይድረስ ለመንገድ ወንድሜ፣

እንዴት ሰነበትክልኝ? ጤናህስ? ያ ቀኝ ጉልበትህስ? የበንደር አባስ ወበቅ በብርዱ ወራት እንኳ ሰው አይለቅም ይላሉ፤ እንዴት እየቻልከው ነው? ልጅህ፣ ባለቤቷ፣ የልጅ ልጆችህ ሁሉ ደህና ናቸው ወይ? እኛ ከናፍቆትህ በቀር ደህና ነን፣ ፈጣሪ ይመስገን። «ደህና ነን» ያልኩህ ግን ደብዳቤ እንዲህ ስለሚጀመር ነው እንጂ እኔስ ደህና አይደለሁም።

ምነው አይደውልም ነበር ብለህ እንዳትታዘበኝ። በስልክማ ቢሆን ገና አፌን ስከፍት «ኧረ አትቸገር፣ ሁሉ ሰላም ነው» ብለህ ታቋርጠኛለህ፤ እኔም እሰየው ብዬ ስለ ብርዱ አውርቼ እዘጋዋለሁ። ስንት ጊዜ እንዲህ አደረግን! ወረቀት ላይ ግን ልታቋርጠኝ አትችልም። ብቻ መነጽርህን አድርግ፤ ጽሕፈቴ እንደ ድሮው የታባስ መንገድ ኮረኮንች ነው።

እኔና አንተ አንድ አውቶቡስ በተራ ስንነዳ ኖረን በአንድ ወር ጡረታ ስንወጣ «ተገላገልን!» ብለን ተቃቅፈን ነበር። ምኑን ተገላገልነው! አንተን ባለቤትህ ካረፈች ወዲህ ባዶ ቤት ነበር የጠበቀህ፤ እኔ ደግሞ ሚስት እያለችኝ በገዛ ቤቴ መግቢያ መውጫ አጣሁ። ጎህ ሳይቀድ እነሳና ለብሼ፣ ጫማዬን አስሬ፣ አልጋው ጠርዝ ላይ ቁጭ። የት ልሂድ? ፋርኾንዴ ድስት ስታማስል ከኋላዋ ቆሜ «ቀኝሽን ያዢ» እላታለሁ። ታክሲ ስንሳፈር እግሬ የሌለ ፍሬን ይረግጣል። አንድ ቀን ማማሰያዋን እንደያዘች ዞረችና «ሠላሳ ዓመት ሙሉ ‹ባሌን በደህና ወደ ቤቱ መልስልኝ› እያልኩ ስለምን፣ በቀን ለስንት ሰዓት እንደሆነ ለፈጣሪ ሳልነግረው መቅረቴ ነው ጥፋቴ» አለችኝ። እኔ ሳቅሁ። እሷ አልሳቀችም።

ያን ጊዜ ያተረፍከኝ አንተ ነበርክ። አመሻሹ ላይ ትመጣና ፓርኩ ውስጥ፣ መንገዱን ከሚያየው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠን፣ ያለፈ ያገደመውን ሹፌር ሁሉ እናማለን። «ይሄኛው ደግሞ ፍሬን ሳይሆን እባብ ነው የሚረግጠው» ስትል ሆዴን ይዤ ነበር የምስቀው። እዚያ ስንቀመጥ ጡረታ የወጣሁ አይመስለኝም ነበር።

ከዚያ ያ ሳሞቫር መጣ። ፋርኾንዴ ከእግሯ ሥር ልታርቀኝ ብላ የእናቷን የናስ ሳሞቫር ከቁም ሳጥን አወጣችና «ቧንቧው ያንጠባጥባል፤ እስቲ ሥራው» ብላ ሰጠችኝ። የአውቶቡስ ሞተር ፈትቶ የገጠመ ሰው ለሻይ ማፍያ ይሸነፋል እንዴ! ሠራሁት። ጎረቤታችን አየችና የእሷን አመጣች። ቀጥሎ እህቷ። ወር ሳይሞላ ላይኛዋ ክፍል፣ ልጃችን ካገባች ወዲህ ባዶዋን የቀረችው፣ ሳሞቫር በሳሞቫር ሆነች። ጠረጴዛ አስገባሁ፤ መበየጃዬን፣ ሞረዴን፣ የናስ መወልወያዬን ደረደርኩ። ቁርሴን በልቼ «በይ ሥራ ልግባ» ብዬ ደረጃውን ስወጣ የሚሰማኝን ደስታ ምን ብዬ ልንገርህ! እንደገና ሰው ሆንኩ። ሰዎች በር አንኳኩተው «ባለሙያው አሉ?» ብለው ይጠይቁኝ ጀመር። ወንድሜ፣ ያችን ክፍል ወደድኳት። ከአንተ አስበልጬ ወደድኳት። ይህን ስጽፍ እፍረቱ ፊቴን ያቃጥለዋል።

ያን ሐሙስ መቼም አትረሳውም። የጣፋጭ ሳጥን ይዘህ መጣህ። እንደ ቤትህ እጅህን እያወዛወዝክ የምትገባ ሰው ጣፋጭ ስትይዝ ነገር እንዳለህ ገባኝ። ከሻይህ ጋር የቀረበችውን የስኳር አንኳር በጣቶችህ እያገላበጥክ «ልጄ ካልመጣህ እያለች አስጨነቀችኝ፤ ቤቱን አከራይቼ በንደር አባስ ልሂድ መሰለኝ» አልክ። ትንሽ ቆይተህ ደግሞ «ባሕር ለጉልበት ጥሩ ነው አሉ» አልክ። አንተና ባሕር! መንገድ ላይ የተኛ ውሃ ስታይ የምትራገም ሰው! ይህን ስትል ዓይንህ ደረጃው ላይ ነበር። ፋርኾንዴ ወጥ ቤት ውስጥ ሳህን ማጠቧን አቆመች፤ ጆሮዋን ጥላብናለች።

እኔም «ኧረ የምን በንደር አባስ! በሞቴ፣ እዚሁ ከእኛ ጋር ሁን፤ ላይኛዋ ክፍል አለች አይደል ወይ» አልኩ። «ኧረ ተው፣ በስተርጅና ሸክም ልሁንባችሁ?» አልክ፣ እንደ ወጉ። «በሞቴ አልኩህ! የምን ሸክም» አልኩ። «አይ፣ ፋርኾንዴን ማልፋት ነው» አልክ። ይህችን ግን ድምፅህን ዝቅ አድርገህ ነበር ያልካት፤ ብርጭቆህንም አስቀመጥክና አየኸኝ።

በእኛ አገር የመጀመሪያው እምቢታ ጨዋነት ነው፣ ሁለተኛውም ጨዋነት ነው፤ ሰው እሺ የሚለው ለሦስተኛ ጊዜ ሲለመን መሆኑን ጡት ያልጣለ ሕፃን ያውቀዋል። አንተ የድርሻህን ጨርሰሃል። ተራው የእኔ ነበር። አፌ ላይ ነበረች እኮ! ግን በዚያች ቅጽበት ጠረጴዛዬን ከላይኛዋ ክፍል ሳወርድ፣ በማግስቱ ጫማዬን አስሬ አልጋው ጠርዝ ላይ ስቀመጥ ታየኝ። ፈራሁ። እና ምን አልኩህ? «ለመሆኑ በየትኛው አውቶቡስ ነው የምትሄደው?» አልኩህ።

ምነው ያን ጊዜ ምላሴን በቆረጠው! አንተ ግን ፈገግ ብለህ «የጠዋቱ ይሻላል፣ መንገዱ ቀዝቀዝ ይላል» አልክ። ሻይህን አልጨረስክም። በር ድረስ ስሸኝህ ትከሻዬን መታ መታ አደረግክና «ሥራህ ይባረክልህ» አልከኝ። ነገሩ ሁሉ ገብቶህ ነው የመረቅከኝ። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

በሩን ዘግቼ ስመለስ ፋርኾንዴ መተላለፊያው ላይ ቆማለች። «ሦስተኛዋን የት ጣልካት?» አለችኝ። «እሱ ራሱ መሄድ ፈልጎ ነው» ብዬ ሽምጥጥ አደረግሁ። «ይሄ ሰው ያን በረሃ እየነዳ ሲያሻግርህ፣ አንተ ከአውቶቡሱ ሆድ ካለችው መኝታ ተጋድመህ ስታንኮራፋ ኖረሃል። ነፍስህን በእጁ ይዞ ‹ደከመኝ› ብሎህ ያውቃል?» አለችኝ። ከዚያ ቀን ወዲህ እኔ በሠራሁት ሳሞቫር ሻይ አታፈላም። በማንቆርቆሪያ ነው የምንጠጣው።

ብርዱን እንዲያው ገፋሁት። ሥራው አልቆመም፤ እኔ ግን ናሱን ወልውዬ ሳበቃ ያ ደስታ ከየት ይምጣ! አንድ ሁለት ጊዜ ፓርኩ ሄጄ አግዳሚያችን ላይ ተቀመጥኩ። አንዱ ሹፌር መስቀለኛው መንገድ ላይ ሞተሩን ሲያስጓራ «ይሄን አየኸው?» ብዬ ወደ ጎን ዞርኩ፤ አጠገቤ ያለው ሰውዬ ጋዜጣውን ይዞ ራቅ አለ። ስደውልልህ «ባሕሩ ያምራል፣ ልጆቹ ያጫውቱኛል» ትለኛለህ። ማመኑ ስለተመቸኝ አምንሃለሁ።

ባለፈው ሳምንት ጀምሺድ የሚስቱን ሳሞቫር ይዞ መጣ። ያ ለፍላፊው ጀምሺድ፤ አሁን በአውቶቡሱ የበንደር አባስን መስመር ይዟል። «ጓደኛህን እኮ በሄድኩ ቁጥር አገኘዋለሁ» አለኝ። የት? ብለው መናኸሪያ! ከያዝድ የሚገባውን አውቶቡስ ቆመህ እንደምትቀበል፣ አሮጊት ሽማግሌውን እየደገፍክ እንደምታወርድ፣ ሻንጣ እንደምትሸከም ነገረኝ። «ተው አባባ፣ ወገብህን!» ሲሉህ «ሥራ ፈትቼ ከምቀመጥ ብዬ ነው» ትላለህ አሉ። ሰው ሁሉ ወርዶ ሲያልቅ ደግሞ ወደ ጀምሺድ ጠጋ ትልና፣ ቀልድ አስመስለህ፣ «ያ ሰውዬ ምንም አላለህም?» ትለዋለህ። «ምን እንድትለው ነው የሚጠብቀው?» ብሎ ጠየቀኝ፣ ምስኪን።

እኔማ ምን እንደምትጠብቅ አውቃለሁ። የያዝኩትን ቧንቧ አስቀምጬ ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርኩ። አለቀስኩ፤ ካንተ ምን እደብቃለሁ!

በማግስቱ ላይኛዋን ክፍል ባዶ አደረግኳት። ጠረጴዛዬ ግቢው ውስጥ ከደረጃው ሥር ገባ፤ ዝናብ እንደሆነ በያዝድ ብርቅ ነው፣ ጥላም አለው። ሲታይ እኮ ከላይኛዋ ክፍል ይሻላል፤ ለሁለት ሰው ወንበር ይበቃል። ግማሽ ቀን እንኳ አልፈጀብኝም፣ ወንድሜ። የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው፤ የግማሽ ቀን ሥራ ፈርቼ አንተን ለባዕድ ባሕር ሰጠሁ። ፋርኾንዴ ለኖውሩዝ ቤት ልታጥብ ተነስታ ነበርና ባዶዋን ክፍል አየቻት። ወርዳ አዲሱን ፍራሽ በጀርባዋ አዝላ ወጣች፤ መስኮቱን ከፈተችው። ማታ ሻያችንን በእናቷ ሳሞቫር አፈላች።

በድዬሃለሁ፤ ይቅር በለኝ። ሦስተኛዋን ግን እዚህ ወረቀት ላይ አልጽፋትም። «በሞቴ» ዓይን ለዓይን እየተያዩ፣ እጅ ይዘው ነው የሚሉት። ሰምተሃት እምቢ ካልክ እውነተኛ እምቢታ ነውና እቀበላለሁ፤ ቅርም አይለኝም ብዬ አልዋሽህም፣ ይለኛል፤ ግን እቀበላለሁ።

ፋርኾንዴ «ዕድሜና ጤና ይስጠው፣ ጉልበቱን ያጽናለት» ትልሃለች። ለልጅህ፣ ለልጅ ልጆችህ ሰላምታዬን አድርስልኝ። አዲሱ ዓመት የሰላም ይሁንላችሁ፤ ካሰብከው ያድርስህ፣ ክፉ አይንካህ።

እንግዲህ ጀምሺድ ይህን ደብዳቤ የሚሰጥህ መንገደኞቹን አውርደህ ከጨረስክ በኋላ ነው፤ አደራ ብዬዋለሁ። አንብበህ ስታበቃ እንደገና ወደ አውቶቡሱ ግባ። ከኋላ፣ ባርኔጣውን እስከ ቅንድቡ የደፋ አንድ ሽማግሌ ታገኛለህ። ሁሉ ሲወርድ እሱ አልወረደም። ጉልበቱ ጤነኛ ነው፤ አልንቀሳቀስ ያለው ከእፍረት ነው። እጁን ያዝለት። የሚነግርህ አንዲት ቃል አለችው።

የመንገድ ወንድምህ