ጓሳን ባዶ አይደለም ላልከው ልጄ

ልጄ ከፈለኝ፣ አንተን በመድኃኔ ዓለም ደጅ ካሳረፍንህ ወዲህ፣ በዚያው ዓመት በጋ የታጨደው የጓሳ ሣር እንደገና አድጎ ወገቤን አልፏል። ቄሱ ሦስት ዓመት ከመንፈቅ ሆኖሃል ይሉኛል። እኔ ግን በሣሩ ነው የምቆጥረው። ባለፈው ሲታጨድ አንተ ነበርክ፤ በዚህ ወር መጨረሻ ለአጨዳ ሲከፈት የለህም።

እንዴት ነህ ብዬ አልጠይቅህም። ካለህበት ብርድ እንደሌለ አምናለሁ፤ እሱ ይበቃኛል።

እኛ ደኅና ነን። እኅትህ የሺ ወደ ዘመሮ ተድራ ወንድ ልጅ ወልዳለች። ስሙን ከፈለኝ ልበለው ብትል እንቢ ያልኩት እኔ ነኝ። ስምህን ጠርቼ ሌላ አፍ «አቤት» ቢለኝ አልችልም። መሐል ሜዳ ታስተምርበት የነበረው ቤት ሣሩ ተነሥቶ ቆርቆሮ ለብሷል። ዝናብ በመጣ ቁጥር መምህሩና ተማሪዎቹ እየተያዩ ዝም ይላሉ አሉ፣ አይሰማሙምና። ይህን ብትሰማ ሆድህን ይዘህ ትስቅ ነበር። በቅሎዋም አለች፤ አርጅታ ቁልቁለት ላይ ትለግማለች እንጂ።

ይህን ደብዳቤ ሳልጽፍ የቆየሁት እጄ ስለሚዘገይ ብቻ አይደለም። ልነግርህ የሚገባኝን ነገር ስለፈራሁ ነው።

ፈረንጁ ከቤታችን የሰነበተበትን በጋ ታስታውሳለህ። መሬት የሚያጠና ነው ብለው ከወረዳው ደብዳቤ አስይዘው ሲልኩት፣ ካንተ ሌላ እንግሊዝኛ የሚያውቅ አስተማሪ ስለጠፋ አንተን ከትምህርት ቤት አስፈቅደው አስተርጓሚ አደረጉህ። ክፉ ሰው አልነበረም። ጥዋት ሲነሣ ባርኔጣውን አውልቆ እጅ ይነሣኛል፤ የጎረቤት ልጆች ዓይናቸውን ሲያማቸው ከሣጥኑ መድኃኒት አውጥቶ ያደርግላቸዋል። ግን ሁላችንንም እንደ ልጅ ነበር የሚያየን። ሲያናግረን ድምፁን ከፍ ያደርጋል፣ ቋንቋው የጠፋን ሳይሆን ጆሯችን የደነቆረ ይመስል።

ባናዬን፣ የብርድ ልብሴን፣ ልግዛ ያለኝ ቀን ትዝ ይልሃል? አዲሱን፣ ሱፉን ራሴ ፈትዬ ያሠራሁትን አውጥቼ ዘረጋሁለት። እሱ ግን የፈለገው አሮጌውን ነው፤ ሦስት ቦታ የጣፍኩትን፣ የምለብሰውን። በአገሩ የሩቅ ሕዝብ ዕቃ የሚያስቀምጡበት ትልቅ ቤት አለ አልከኝ። «የለበስኩትን አውልቄ ለማያውቀኝ ሰው ማሳያ ላድርግ?» ብዬ ተቆጣሁ። አንተ ሳቅህ አመለጠህ። «እማዬ፣ ዕቃችንን ወዶታል፤ አሳባችንን ግን ገና አላየውም» አልክ። ያን ጊዜ ቀልድ መስሎኝ ነበር።

ከደብራችን በላይ ወዳለው የሣር መስክ፣ ወደ ጓሳ ይዘኸው ወጥተህ የተመለስክ ቀን ግን ፊትህ ሌላ ነበር። ከበቅሎዋ ላይ ኮርቻ እያወረድክ፣ «እማዬ፣ ባዶ መሬት ብሎ ጻፈው» አልከኝ። ጎጆ የለበትም፣ ከብት የለበትም፣ ሰው የለበትም፤ ስለዚህ ባለቤት የለውም፣ ሰዎቹም አጠቃቀሙን አያውቁም ብሎ። በሽቦ አጥሮ የበግ እርባታ ለሚያቋቁም ኩባንያ ቢሰጥ ይሻላል ብሎ ለአዲስ አበባ ሊያስታውቅ ነው። ቀድሞ በሠራበት በሌላ የጥቁር ሕዝብ አገርም እንዲህ ያለ ደጋ ተገኝቶ ከባሕር ማዶ ለመጡ ገበሬዎች እንደተሰጠ አጫውቶሃል። «በፊት እዚያ የነበሩት ሰዎችስ?» ብለህ ጠየቅከው። «አሁን ለእነዚያ ገበሬዎች ተቀጥረው ይሠራሉ» አለህ። ይህን ስትነግረኝ ድምፅህ ዝቅ ብሎ ነበር።

አራተኛ ዓመቱን የተዘጋ ጓሳ ነው እኮ ያየው! ቤት የምንከድንበት ሣር እንዲጠና፣ ዝናብ የሚያስጥለን ገሳ የሚሠራበት፣ ገመድ የሚገመድበት ሣር እንዲደርስ፣ ማጭድም ኮቴም እንዳይነካው አገሩ ሁሉ ተማምሎ የዘጋውን። ሰው የማይታይበት ሁሉም ሰው ስለሚጠብቀው ነው። ይህን በመንዝ የተወለደ ሁሉ ያውቃል። ፈረንጁ ግን ሰው የሚኖርበትን መሬት የሚለየው በጭስ ነው።

አሁን የፈራሁት ጋ ደረስኩ።

ፈረንጁ ውጭ አገር ልኮ ሊያስተምርህ ቃል ገብቶልህ ነበር። የምትሄድበትን ደብዳቤ ጽፎ በቦርሳው እንዳስቀመጠ አሳይቶሃል። እኔም አንተን አውሮፕላን ላይ አስቀምጬ ጎረቤቱን ሁሉ በልቤ አስቀንቼ ጨርሼ ነበር። ስለዚህ ምን አልኩህ? «ዝም በል። ያለውን አስተርጉም፣ ደብዳቤህን ተቀበል። ሣር አያስተምርህም» አልኩህ። እናትህ ነኝ ያልኩት፣ ሌላ ማንም አይደለም።

ቀና ብለህ አየኸኝ። «እማዬ፣ እኔ ዝም ካልኩ መሬቱ በኔ አፍ ነው የሚወሰደው» አልክና ለበቅሎዋ ገለባ ልታመጣ ሄድክ።

በማግስቱ በሽማግሌዎቹ ፊት፣ ጓሳ ባዶ አይደለም ብለህ ለፈረንጁ ነገርከው። የጓሳው ጠባቂዎች አለቃ አያ ወልዴ ጉዳዩን ሲሰሙ ምን እንዳሉ አገሩ እስከ ዛሬ እየደገመው ይስቃል። «ያንተ ፈረንጅ በሬን ቆልፌ ገበያ ብሄድ ቤቱ ባዶ ነው ብሎ ሊገባበት ነው?» አሉ። ታለዝበዋለህ ብለን ስንጠብቅ፣ አንዲት ቃል ሳታጎድል አስተረጎምክለት። ፊቱ እንደ በርበሬ ቀላ። ሥራህ ቃል ማቀበል እንጂ መከራከር አይደለም አለህ። አንተ ድምፅህን ሳታነሣ፣ ሊከፈት አሥራ ሁለት ቀን ቀርቶታል፣ ቆይተህ እየው፣ ከዚያ በኋላ ያሰኘህን ጻፍ አልከው። ለምን እንደ ቆየ አላውቅም። እልህም ይሆናል። ብቻ ቆየ።

የመክፈቻውን ቀን እኔም ከየሺ ጋር ወጥቼ አይቻለሁ። ደብሩ ሁሉ በየወገኑ ማጭዱን ይዞ ዳር ዳሩን ቆሟል። ቄሶቹ ባረኩ። አያ ወልዴ እጃቸውን እስኪያነሡ ድረስ ያ ሁሉ ሕዝብ አንድ ዘለላ አልነካም። አንድ ችኩል ብቻ ቀድሞ ጎንበስ ቢል ማጭዱን ነጥቀው ድንጋይ ላይ አስቀመጡት፤ ሴቶቹ «ሙሽራው ቸኩሏል!» እያሉ ሲስቁበት ዋሉ። መጀመሪያ የቤተ ክርስቲያኑ ታጨደ፤ ከዚያ ወንድ የሌላቸው የመበለቶች ድርሻ፤ ከዚያ የሁሉም። ለኔም አባትህ ከሞተ ወዲህ እንደ ልማዳቸው አጨዱልኝ።

ፈረንጁ ደብተሩን ዘግቶ በመካከላችን ሲዞር ዋለ። እኔና የሺ ሸክም ስናስር ሳንጠራው መጥቶ የገመዱን ጫፍ ያዘልን። ከዚያ እያየኝ አንድ ነገር ተናገረ፤ አንተም አስተረጎምክልኝ። በአያቱ አገር ሰው ሁሉ ከብቱን በጋራ የሚያሰማራበት እንዲህ ያለ መስክ ነበረ፤ እናቱ ሳትወለድ ጌቶች አጠሩት፤ እሱ ተረት ብቻ ይመስለው ነበር። ልጄ፣ ያን ጊዜ አዘንኩለት። ዓለምን የሚያስተምር ሰው የራሱን ጓሳ ማጣቱን ገና ያን ቀን ማወቁ ነበር።

ባዶ ያለውን ሰርዞ፣ ባለቤቱ ብዙ ነው፣ ሕጉ በወረቀት የለም እንጂ ይሠራል ብሎ ጻፈ። አንብበህልኛል። ስለ ትምህርትህ ደብዳቤ ግን እሱም አላነሣ፣ አንተም አልጠየቅክ። በቦርሳው እንዳለ ይዞት ሄደ።

በክረምቱ ደረትህን ያዘህ፤ ነሐሴን አላለፍክም። እኔም ሣሩን ረገምኩ። ዝም ብለህ ቢሆን ኖሮ ሐኪም ባለበት አገር ነበርክ እያልኩ በልቤ አንተንም ወቀስኩህ። ሬሳህ ፊት አላለቀሰችም ያሉኝ ለዚህ ነው፤ ጽናት መስሏቸው አመሰገኑኝ። ቁጣ ነበር።

ባለፈው ሳምንት የየሺን ልጅ አይቼ ከዘመሮ ስመለስ በጓሳው ዳር ሁለት ሰዎች ሰንሰለት ዘርግተው መሬት ሲለኩ አገኘሁ። አንዱ ፈረንጅ ነው፣ ከቤታችን የሰነበተው ግን አይደለም፤ ሁለተኛው ካዲስ አበባ የመጣ ሱፍ የለበሰ የኛው ልጅ። «እማማ፣ ይህ ጠፍ መሬት የማን ነው?» አለኝ። የፈረንጅ ቃል ከኛ ልጅ አፍ ሲወጣ ሰማሁ። ሰምቼ እንዳልሰማሁ ባልፍ ማንም አይጠይቀኝም ነበር። ለአንተ የመከርኩህም ይህንኑ ነበር።

አላለፍኩም። ዘንቢሌን አስቀምጬ፣ ጠፍ አይደለም፣ ዝግ ነው አልኩት። እነማን እንደዘጉት፣ ለምን፣ መቼ እንደሚከፈት፣ መጀመሪያ ለማን እንደሚታጨድ ነገርኩት። የዛሬ ሦስት ሳምንት ማጭድ ይዘህ ና፣ ባለቤቶቹን ሁሉ ታያቸዋለህ አልኩት። ልጁ ፈገግ እያለ፣ «እማማ፣ እንዲህ መናገር ማን አስተማረዎት?» አለኝ። «ልጄ» አልኩት። እሱም ፈገግታውን ትቶ ለፈረንጁ አስተረጎመለት። ምን እንደሚጽፉ አላውቅም። አያ ወልዴን ሄጄ አስታውቄአለሁ፤ ሽማግሌዎቹ ወረዳ ይወርዳሉ፤ እኔንም ምስክር አድርገውኛል።

ከፈለኝ፣ ዝም በል ያልኩህን ይቅር በለኝ። በልጅነትህ ፊደል ያስቆጠርኩህ እኔ ነኝ፤ በጎልማሳነትህ ግን አንተ አስተማርከኝ። ጎበዝ ነበርክ ስልህ ለሟች የሚባለውን ማለቴ አይደለም። የምትወደውን ነገር በፈረንጁ ቦርሳ ትተህ ቀና ብለህ ስትሄድ በዓይኔ ስላየሁህ ነው።

ተዝካርህን አውጥቻለሁ፣ ያ የቄስና የጎረቤት ነው። የኔ መታሰቢያ ሌላ ነው። ባዶ ነው የሚል ሰው በመጣ ቁጥር፣ ምርኩዝ ይዤም ቢሆን ዳገቱን ወጥቼ፣ የለም፣ ሰው አለበት እላለሁ። ወረዳውም ቢሆን፣ ከወረዳው በላይም ቢሆን እላለሁ። እዚያ ስቆም አስታወሰችኝ በል።

እናትህ አስካለ